የጠፋው ኪሎ

ሰኔ መጨረሻ ነበር። የድሬን ሰኔ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ ከዚራ ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ የዛፍ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ሰው ወይ ይተኛል ወይ በርጫው ላይ ይቀመጣል። በዚያ ሰዓት ስልክ የሚደውል የቸገረው ብቻ ነው። ስልኬ ጮኸ።

«አቦ! ይሄ ሲስተምህ ኪሎዬን እየበላብኝ ነው።»

የደወለችው የአንድ ትራንዚት ቢሮ መዝጋቢ ናት። በዕድሜ እናቴ ትሆናለች፤ ግን ድሬ ነውና አንቱታ የለም፣ «አንቺ» እላታለሁ። ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ በእሷ እጅ ነው የሚመዘገበው። የኮንቴይነሩ ቁጥር፣ የዲክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ሰነዱ) ቁጥር፣ ክብደቱ፣ የጥቅሉ ብዛት፣ የሹፌሩ ስልክ። ሲስተሙን የምጠግነው እኔ ነኝ። በጃቫ የተጻፈ ነው፤ ከገጹ የሚመጣውን የሚቀበለው ስፕሪንግ፣ ዳታቤዝ ላይ የሚጽፈው ሃይበርኔት፣ ገጾቹ ሰርቨሩ ላይ የሚዘጋጁት በጄኤስፒ፣ ከላዩ ላይ ብራውዘሩ ውስጥ የሚሠራው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ጄኩዌሪ። አሮጌ ነው፣ ግን ይሠራል። እስከዚያ ቀን ድረስ ይሠራ ነበር።

ይህን የምጽፈው በአንድ ሰዓት ሊያልቅ የሚችል ነገር ስምንት ቀን ስለፈጀብኝ ነው። ያውም በበጀት ዓመት መዝጊያ። እንደ እኔ ዌብ ሲስተም የምትሠሩ ቢያንስ ሰባቱን ቀን ትቆጥባላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተመዘገበ ዕቃ ላይ ተመልሳ የሹፌሩን ስልክ ታስተካክላለች። «አስቀምጥ» ትላለች። ሲስተሙ «ተመዝግቧል» ይላታል። በማግስቱ ስታየው ስልኩ ተስተካክሏል፣ ክብደቱ ግን ባዶ ነው። የጥቅሉ ብዛት ደግሞ ዜሮ ሆኗል።

የመጀመሪያው ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ባዶውን አይቼ «ሲስተም ሊሆን ይችላል» አልኩ። ዜሮውን ሳይ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። ባዶ ነገር ራሱ ይጠፋ ይሆናል፤ ዜሮ ግን በራሱ አይጻፍም፣ አንድ ሰው መትቶታል ብዬ ደመደምኩ። «ሳታስቢው ዜሮ ነክተሽ ይሆን?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ልጄ፣ እኔ ይሄን ሥራ የጀመርኩት አንተ ፊደል ሳትቆጥር ነው» ብላ ዘጋችው።

ዜሮውን የጻፈው ጃቫ ነበር። የዕቃው ክላስ (የመዝገቡ ቅርጽ የተጻፈበት ኮድ) ውስጥ ክብደት በትልቅ ፊደል በሚጀምረው «ደብል» ነው የተጻፈው፤ ምንም ሳይሞላ ሲቀር ኑል፣ ማለትም ዋጋ የሌለው፣ ይሆናል። ብዛት ግን በትንሽ ፊደል በሚጀምረው «ኢንት» ነው፤ ኢንት ኑል መሆን አይችልም፣ ካልሞሉት ዜሮ ነው። ሁለቱም የጠፉት በአንድ ምክንያት ነው፤ መልካቸው ብቻ ተለያየ። አንዱ ባዶ ሌላው ዜሮ ሆኖ ሲጠፋባችሁ ሰው ላይ ጣት ከመቀሰራችሁ በፊት የፊልዱን ዓይነት እዩ።

በዚያው ማታ ቤቴ ሳቢያን ቁጭ ብዬ ሞከርኩት። አዲስ ዕቃ መዘገብኩ፣ ስልክ ቀየርኩ፣ አስቀመጥኩ። ክብደቱ አለ። ደግሜ ሞከርኩ። አለ። አሥር ጊዜ ሞከርኩ፣ አሥሩንም ጊዜ አለ። ይሄ ነገር ያሳብዳል። ችግሩ የት እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው፤ እኔ የምገባው በአድሚን ስም ነው፣ የምሞክረውም ገና ባልተፈተሸ ዕቃ ላይ ነው። እሷ የምትሠራው በተፈተሸ ዕቃ ላይ ነው። ሁለታችን አንድ ገጽ ያየን መሰለን እንጂ ያየነው አንድ ገጽ አልነበረም።

ስላላገኘሁት ወደ ሃይበርኔት ዞርኩ። ለምን? ስለምፈራው። የማላውቀው ነገር ሲበላሽ ጥፋተኛው ሁልጊዜ እሱ ይመስለኛል። ለዳታቤዙ የሚልከውን ትእዛዝ የሚያሳየውን የኤስኪውኤል ሎጉን ከፈትኩ። እውነትም ክብደትን ኑል፣ ብዛትን ዜሮ አድርጎ ሲያሻሽል በዓይኔ አየሁ። «ያዝኩህ!» አልኩ። የተለወጠውን ኮለም ብቻ እንዲጽፍ «ዳይናሚክ አፕዴት» የሚባለውን ጨመርኩ። ምንም ለውጥ የለም። አይኖርምም። ሃይበርኔት የሚያየው ድሮ 18,400 የነበረ ክብደት አሁን ኑል ሆኖ መምጣቱን ነው። ለእሱ ይሄ ለውጥ ነው፤ ለውጥ ደግሞ ይጻፋል። የታዘዘውን ነው የሠራው። ጥያቄው ኑሉን ማን ሰጠው የሚለው ነበር፤ እኔ ግን ሦስት ቀን ሙሉ የጠየቅኩት ለምን ጻፍከው እያልኩ ነው።

በአራተኛው ቀን ተሸንፌ ቢሮዋ ሄድኩ። ይቅርታም መጠየቅ ነበረብኝ። ማራገቢያው ይጮኻል፣ አየሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠችኝ፣ ሻይ አስመጣችልኝ፣ «ዝም ብለህ እይ» አለችኝ። በሥራዬ ከተሰጡኝ ምክሮች ሁሉ የተሻለው ይሄ ነው። ዝም ብዬ አየሁ።

አንድ የተፈተሸ ዕቃ ከፈተች። ገጹ እንደተከፈተ ክብደት፣ ብዛትና የዕቃው ዓይነት ግራጫ ሆኑ። ልክ ነው፣ እንዲህ እንዲሆኑ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ግንቦት ላይ ሥራ አስኪያጁ «ዕቃው ከተፈተሸ በኋላ ክብደት የሚነካ ሰው እንዳይኖር» ብሎ ነበር። እኔም ሦስት መስመር ጄኩዌሪ ጽፌ ሁኔታው «ተፈትሿል» ከሆነ ሦስቱ ፊልዶች ዲሴብል (የተቆለፉ) እንዲሆኑ አደረግኩ። ሥራ አስኪያጁ አጨብጭቦልኛል። በግንቦትና በሰኔ መካከል ያለው ግንኙነት ግን ለአንድ አፍታም አልታየኝም ነበር።

ኤፍ 12 ተጫንኩ፣ የብራውዘሩ መመርመሪያ መጣ፣ ገጹ የሚልከውን የሚያሳየውን ኔትወርክ የሚለውን ከፈትኩ፣ «አስቀምጪ» አልኳት። የሄደውን ጥያቄ ነክቼ ይዘቱን አየሁ። ስክሪኑ ላይ 14 ፊልድ አለ። የሄደው 11 ነው። ክብደት የለም። ብዛት የለም። ዓይነት የለም። ባዶ ሆነው እንኳ አልሄዱም፤ ስማቸውም የለም።

ብራውዘር ዲሴብል የሆነ ፊልድን ከፎርሙ ጋር አይልክም። በቃ። ይሄ የስፕሪንግ ወይም የጃቫ ጉዳይ አይደለም፣ የኤችቲኤምኤል ሕግ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ኤችቲኤምኤል 4.01 ላይ ተጽፎ የሚገኝ ነገር ነው። ሰው ስክሪኑ ላይ 18,400 ያነባል፣ ሰርቨሩ ግን ስለ ክብደት ምንም አልሰማም። የእኔ ኮንትሮለር፣ ማለትም ጥያቄውን ሰርቨሩ ላይ የሚቀበለው ኮድ፣ ደግሞ በየጊዜው ባዶ ኦብጀክት እየፈጠረ፣ የመጣውን ሞልቶ፣ እንዳለ ለሃይበርኔት ያስረክብ ነበር። ያልመጣው ኑል ወይም ዜሮ ሆኖ የድሮውን ይተካል።

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። «አሁን ማን ነው የበላው?» አለች። «እኔ» አልኳት።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰርቨሩ ጋ ፓራሜትር (ከፎርሙ የሚላከውን ዋጋ) ስትጠይቁ ኑል ከመጣ ፊልዱ አልተላከም ማለት ነው። ባዶ ጽሑፍ ከመጣ ግን ፊልዱ ተልኳል፣ ውስጡ ባዶ ነው፤ ማለትም ሰው አጥፍቶታል ወይም ሳይሞላው ትቶታል። እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ኮድ ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቆ «ባዶ ነው» ይላል። የእኔም እንደዚያው ነበር። ይህን ለማጣራት ኮንትሮለሩ መግቢያ ላይ የመጡትን የፓራሜትር ስሞች ብቻ ሎግ አድርጉ፤ የይለፍ ቃል እንዳይገባ ዋጋቸውን ተዉት። ሦስት ቀን ሃይበርኔት ላይ ከምፈጥጥ ይቺን አንድ መስመር ብጽፍ ኖሮ!

ምክንያቱን ካወቅኩ በኋላ ደግሞ ቸኮልኩ። ያልተላከውን ፊልድ እንዲላክ ላድርገው ብዬ ተነሳሁ። በመጀመሪያ ዲሴብሉን በ«ሪድኦንሊ» ቀየርኩት። ሪድኦንሊ የሆነ ፊልድ አይጻፍበትም፣ ግን ይላካል። ክብደትና ብዛት ዳኑ። የዕቃው ዓይነት ግን ከዝርዝር የሚመረጥ ሴሌክት ነው፤ ሴሌክት ላይ ሪድኦንሊ አይሠራም። ቼክቦክስና ሬድዮ ላይም አይሠራም። ለሴሌክቱ ከጎኑ ስውር ፊልድ አስቀምጬ ዋጋውን ገለበጥኩበት። ሌላ ገጽ ላይ ደግሞ ፎርሙ ከመላኩ በፊት ዲሴብሉን የሚያነሳ ኮድ ጨመርኩ። ሦስት ገጽ፣ ሦስት ዓይነት መላ። በሁለት ቀን ጨረስኩና ኮራሁ።

ኩራቴ የቆየው ምሳ እስክንበላ ነው። እዚያው ቢሮ አንድ ልጅ አለ፣ ዲፕሎማውን ገና የያዘ፣ ኮምፒውተር መነካካት የሚወድ። ፉል እየበላን «ጀለስ፣ ይሄ የቆለፍከው ነገር እኮ በኤፍ 12 ይነሳል» አለኝ። ወደ ቢሮ ስንመለስ አሳየኝ። የሙከራ መዝገብ ከፈተ፣ ሪድኦንሊ የሚለውን ከገጹ ላይ ሰረዘ፣ የተፈተሸ ዕቃ ክብደት ላይ 1 ኪሎ ጻፈ፣ አስቀመጠ። ሰርቨሩ ዝም ብሎ ተቀበለ። ከጅቡቲ የመጣ ኮንቴይነር አንድ ኪሎ!

ሥራ አስኪያጁ «የሚነካ ሰው እንዳይኖር» ነበር ያለኝ። እኔ የሠራሁለት በሩ ላይ «አትግቡ» የሚል ወረቀት መለጠፍ ነው። ብራውዘሩ የተጠቃሚው ነው፤ እዚያ ላይ ያለውን ሁሉ ተጠቃሚው ይለውጣል። ግራጫው ቀለም ለዓይን ጥሩ ነው፣ ሰው እንዳይለፋ ይረዳል። ቁልፉ ግን ሰርቨሩ ጋ መሆን አለበት። ያንን ልጅ ሻይ ጋበዝኩት። ሌላ ቦታ ቢሆን ዝም ብሎ ይጠቀምበት ነበር።

ያኔ ነው ነገሩን ከሥሩ የሠራሁት። ኮንትሮለሩ ባዶ ኦብጀክት መፍጠሩን ተወ። መጀመሪያ መዝገቡን ከዳታቤዝ ያመጣል፣ ከዚያ የመጣው ፓራሜትር በእሱ ላይ ይሞላል። ስፕሪንግ ላይ ይህ ቀላል ነው፤ ሞዴሉን በመለያ ቁጥሩ ፈልጎ የሚያመጣ ሜተድ ላይ «ሞዴል አትሪቢውት» የሚለውን ምልክት ታደርጋላችሁ፣ ፎርሙ ሲመጣ እሱን ቀድሞ ይጠራዋል። ያልተላከ ፊልድ እንደነበረ ይቀራል። ስውር ፊልዶቼን፣ ሪድኦንሊዬን፣ ሁሉንም አጠፋሁ። ዲሴብሉ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሌላው ዓለም ይሄን ከመጀመሪያው ይሠራዋል መሰለኝ፤ እኔ በጉልበት ነው የተማርኩት።

ሰኔ 30 አለቀ፣ ሐምሌ ገባ፣ መዝጊያው በሰላም ተዘጋ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሙቀት።

«ኪሎው አለ። ተሰባሪ የሚለው ምልክት ግን እየጠፋ ነው።»

ይሄኛው ከሁሉም ያናደደኝ ነው፤ ምክንያቱም እውቀቴን ሁሉ ተጠቅሜ አልገባኝም። «ተሰባሪ» ቼክቦክስ ነው፤ ዕቃው ሲፈተሽ እሱም እንዲቆለፍ በኋላ ከሦስቱ ጋር ጨምሬዋለሁ። ዲሴብል ስለሆነ አይላክም። ካልተላከ ከዳታቤዝ የመጣው እንዳለ መቅረት አለበት። ለምን ጠፋ?

በዚህ ጊዜ ግን ወደ ሃይበርኔት አልሄድኩም። በቀጥታ ኔትወርክ። የተላከውን አየሁ። «ተሰባሪ» የለም። ከታች ግን እኔ ያልጻፍኩት አንድ ስም አለ፤ ያው የቼክቦክሱ ስም ነው፣ ከፊቱ አንደርስኮር ተጨምሮበት።

ነገሩ ይሄ ነው። ያልተመረጠ ቼክቦክስ በተፈጥሮው አይላክም። ስለዚህ ሰርቨሩ «ሰውየው ምልክቱን አነሳ» እና «ቼክቦክሱ ጭራሽ ገጹ ላይ አልነበረም» የሚሉትን መለየት አይችልም። ለዚህ ስፕሪንግ መላ አበጅቷል፤ የፎርም ታጉ ከቼክቦክሱ አጠገብ አንደርስኮር ያለው ስውር ፊልድ ራሱ ይጨምራል። ያ ስውር ፊልድ ከመጣና ቼክቦክሱ ካልመጣ «ተነስቷል» ብሎ ፎልስ ያደርገዋል። ብልህ ነው። ታጉ ላይ ራሱ ዲሴብል ብትሉት ደግሞ ስውሩን አይጽፈውም፣ ይህንንም አስቦበታል። እኔ ግን ዲሴብል ያደረግኩት ገጹ ከወጣ በኋላ በጃቫስክሪፕት ነው። ሰርቨሩ ገጹን ሲጽፍ ቼክቦክሱ ክፍት ስለነበር ስውሩን ጻፈ። ጄኩዌሪዬ መጥቶ ቼክቦክሱን ብቻ ቆለፈ። ስውሩ ለብቻው ተጓዘ።

ሁለት ነገር አደረግኩ። የዕቃው ሁኔታ ሰርቨሩ ጋ የሚታወቅ ስለሆነ መቆለፉን ከጃቫስክሪፕት አንስቼ ጄኤስፒው ራሱ እንዲጽፈው አደረግኩ። ጃቫስክሪፕቱን የተውኩት ሰው እዚያው ገጹ ላይ ምርጫ ሲቀይር ለሚለወጡ ፊልዶች ብቻ ነው። ሁለተኛው ይበልጣል። ለተፈተሸ ዕቃ ሌላ ትንሽ የፎርም ክላስ ጻፍኩ፤ ውስጡ የሹፌር ስልክ፣ ሰሌዳ ቁጥርና ማስታወሻ ብቻ ነው ያለው። ዕቃው መፈተሹንም ሰርቨሩ ከዳታቤዝ ነው የሚያየው፣ ከገጹ አይጠይቅም። ክብደት ቢላክም የሚገባበት ቦታ የለም። ያ ልጅ ኤፍ 12 ይዞ ቢመጣ ግድግዳ ነው የሚያገኘው። መጥቶም ሞክሯል።

ጄኤስኤፍ (ሌላው የጃቫ የገጽ መሥሪያ) የምትጠቀሙ ደግሞ ተቃራኒው ሊገጥማችሁ ይችላል። አንድ ጓደኛዬ ላይ ደርሷል። ገጹ ሲጻፍ ዲሴብል የነበረውን ፊልድ በጃቫስክሪፕት ከፈተው፣ ተጠቃሚው ጻፈበት፣ ብራውዘሩም ላከው። ሰርቨሩ ግን አልተቀበለም። ጄኤስኤፍ የሚያምነው ራሱ የያዘውን የገጹን ዛፍ ነው፤ እዚያ ላይ ዲሴብል የሆነ ነገር ቢላክም ያልፈዋል። ስህተትም አያወጣም። መፍትሔው ክፈት ዝጋውን በጃቫስክሪፕት ሳይሆን በራሱ በጄኤስኤፍ አጃክስ ማድረግ ነው። ያኔ ሰርቨሩም ያውቃል።

በእነዚያ ሳምንታት ሌሎችም ትናንሽ ነገሮች አሠቃይተውኛል። ኤችቲኤምኤሉ ላይ ዲሴብልን «ፎልስ» ብላችሁ ብትጽፉት ፊልዱ አይከፈትም፤ ቃሉ ታጉ ላይ መኖሩ ብቻ ይቆልፈዋል፣ ለመክፈት ከነስሙ ማንሳት ነው። ጄኩዌሪ ላይ «አትር» ሳይሆን «ፕሮፕ» ተጠቀሙ፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከስሪት 1.6 ወዲህ ማለት ነው፣ ለዚህ የተሠራው እሱ ነው። ፊልድሴት (ፊልዶችን አንድ ላይ የሚያቅፍ ታግ) ሙሉውን ዲሴብል ካደረጋችሁ ውስጡ ያሉት ሁሉ ይቆለፋሉ፤ ግን አንዱን ፊልድ ለብቻው «ዲሴብል ነህ?» ብላችሁ በጃቫስክሪፕት ብትጠይቁት አይደለሁም ይላችኋል። እኔ በዚህ ግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ።

የመዝጋቢዋ ኮምፒውተር ላይ ፋየርፎክስ ነው ያለው። ፋየርፎክስ ገጹ ሪፍሬሽ ሲደረግ በጃቫስክሪፕት የተቆለፈውን ፊልድ እንደተቆለፈ ያስታውሰዋል። እኔ ክሮም ላይ እየሞከርኩ «ተከፍቷል» እላለሁ፣ እሷ «አልተከፈተም» ትላለች። ፎርሙ ላይ ኦቶኮምፕሊትን ኦፍ ማድረግ ያስቀረዋል።

ሰው ሁለቴ እንዳይጫን ብላችሁ «አስቀምጥ» የሚለውን ቁልፍ ራሱን ዲሴብል ስታደርጉም ተጠንቀቁ። በክሊኩ ላይ ካደረጋችሁት ፎርሙ ጭራሽ ላይሄድ ይችላል። ፎርሙ ሲላክ ካደረጋችሁት ፎርሙ ይሄዳል፣ የቁልፉ ስም ግን አብሮ አይሄድም። ኮንትሮለራችሁ በቁልፉ ስም የሚለይ ከሆነ «አስቀምጥ» ይሁን «ሰርዝ» አያውቅም። እንደዚሁ ጃቫስክሪፕቱ ሰው ምርጫ ሲቀይር ብቻ እንዲነሳ ካደረጋችሁት፣ ሰርቨሩ ስህተት አግኝቶ ገጹን ሲመልስ ሁሉም ክፍት ሆኖ ይመጣል። ያንኑ ፈንክሽን ገጹ ሲከፈትም ጥሩት።

የጠፋውስ? ከባክአፑ ግማሹን መለስኩ። ባክአፑ በየሳምንቱ ስለነበር (አሁን በየቀኑ ነው) የቀረው የተገኘው ከመዝጋቢዋ ጥቁር ደብተር ነው። ሲስተም ከገባ ወዲህም እያንዳንዱን ክብደት በእስክሪብቶ ትጽፍ ነበር። እኔ ድሮ በዚህ አሾፍባት ነበር። ሁለት ማታ ቢሮ ተቀመጥን። እሷ መነጽሯን አድርጋ ታነባለች፣ እኔ አስገባለሁ። በመሀል ሳምቡሳ ታስመጣለች። የመጨረሻውን ስንጨርስ ደብተሩን ዘግታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችውና ቆለፈችበት። ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች።

«ይሄኛው በኤፍ 12 አይከፈትም» አለችኝ።